ውሃ የተከለከለች ቡችላ

ቡችላዋ ቤት በገባችበት ምሽት መጀመሪያ ምንጣፉ ላይ ሸናች። ቀጥሎ በሩ ሥር፣ ቀጥሎ አልጋው ሥር፣ ቀጥሎ ደግሞ ሚጣ አቅፋት በተቀመጠችበት እዚያው ጭኗ ላይ። ሚጣ ሳቀች። እናቷ ግን አልሳቀችም። ጨርቅ ይዛ ተንበረከከችና "ሕፃን ናት፤ አዲስ ቤት ሆኖባት ነው" አለች። ይህን ያለችው ለልጇ ሳይሆን ለራሷ ነው።

እናትየዋን በሥራ ቦታዋ ጭንቄ ይሏታል። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም። ሰማዩ ጠቆር ካለ ጎርፍ ይታያታል፤ ልጇ ካስነጠሰች የሳንባ ምች ይታያታል፤ ስልክ በማለዳ ከጮኸ ሳታነሳው "ማን ሞተ?" ትላለች። የምትሠራው በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ አንሶላና ፎጣ በሚታጠብበት ክፍል ነው። ስሙን ያወጣችላት የሥራ ጓደኛዋ ሳቂታ ናት። ሳቂታም እንደ ስሟ ናት፤ ማጠቢያ ማሽኖቹ እየጮኹ እንኳ ሳቋ ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማል።

ሁለቱ ለዓመታት አንሶላ በማጠፍ ተጣምረዋል። ትልቅ አንሶላ አንድ ሰው ብቻውን አያጥፈውም። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆምና ጫፍና ጫፉን ይይዛል፣ ያራግፋል፣ ይጠጋጋል፣ አንደኛው ጫፉን ለሌላው አስረክቦ የታጠፈውን ከታች ያነሳል። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ሲጠጋጉና ሲራራቁ የማይነጋገሩት ነገር የለም። ጭንቄ ባሏ ጥሏት የሄደ ጊዜ፣ ለእናቷ ያልነገረችውን ለሳቂታ የነገረችው በአንሶላ መሃል ነው። ሳቂታ ያን ቀን አልሳቀችም። ጫፉን ስትቀበላት እጇን ያዝ አድርጋ ለቀቀቻት፤ ከዚያ ወዲህ እጅና ጓንት ሆኑ።

ቡችላዋም የመጣችው ከሳቂታ ቤት ነው። የሳቂታ ውሻ ወልዳ፣ ጭንቄና ሚጣ በዕረፍት ቀን ሊያዩ ሄዱ። ቡችሎቹ ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም ድቡልቡል ስለሆኑ አንዱን ከአንዱ መለየት ያስቸግር ነበር። አንደኛዋ ብቻ የጭራዋ ጫፍ ነጭ ነው። ሚጣ አየቻትና "ክብሪት ትመስላለች!" አለች። በቃ፣ ስም ወጣ።

"ጡት እስክትጥል እኔ ጋ ትቆይ። ራሴው አመጣላችኋለሁ" አለች ሳቂታ፣ የሚጣን ጉንጭ ቆንጠጥ አድርጋ።

እንዳለችውም ቡችላዋን በካርቶን አድርጋ፣ ፎጣ አንጥፋላት ይዛት መጣች። ነጯ የጭራ ጫፍ ከካርቶኑ ብቅ ብላ ትወዛወዛለች። ጭንቄ በዚያ ምሽት ወለሉን ስትጠርግ አምሽታ፣ "እንግዲህ ካላስቸገረች ትቀመጣለች። ካስቸገረች ግን ለአክስትሽ እንመልሳታለን" አለች። ሚጣ ሳቂታን አክስቴ ነው የምትላት። ቡችላዋን ይበልጥ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት።

አዲስ ቤት የሆነባት ቡችላ ስትሰነብት ትለምዳለች። ክብሪት ግን አልለመደችም። ሚጣ ግቢ ስታወጣት እንደ ጨዋ ቁጢጥ ብላ ትሸናለች፤ ገብታ ደግሞ ወለሉን ታረጥባለች። ስትሄድ ጠብ ጠብ ይላል። ስትተኛ ከሥሯ ያለው ጨርቅ ይርሳል። ጭንቄ ቀን የሆቴሉን ስታጥብ ውላ፣ ማታ የውሻዋን ታጥባለች። ሳሙናው ያልቃል፤ ሽታው ግን አያልቅም።

"ዛሬስ?" አለች ሳቂታ አንሶላውን እያራገፈች።

"አትጠይቂኝ። ትናንት ሚጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ እግሯ ሥር ተኝታ ነበር። ስትነሳ ወለሉ ኩሬ! ተኝታ እኮ ነው የሚፈሳት።"

"ተኝታ?" ሳቂታ ዓይኗን ወደ አንሶላው ጫፍ መለሰች። "ሚጣ ናታ ያበላሸቻት። ቀን ከሌት ትታቀፋታለች! ውሻ ሲታቀፍ ይሞላቀቃል፤ ሲሞላቀቅ ይሸናል።"

"እንዲህ ነው እንዴ?"

"አንቺ ደግሞ! እኔ ስንት ውሻ ያሳደግኩ ሰው!"

"እህቶቿስ? እነሱም እንዲህ ናቸው?"

"እነሱማ ወታደር ናቸው። በር ላይ ቆመው ፈቃድ ይጠይቃሉ። ተቆጣጣሪያችን የወሰደቻት እንኳ አንድ ቀን ቤት ውስጥ አልሸናችም። ነገሩ ያንቺ ቤት ነው፣ ጭንቄ። ጭንቀትሽ ተጋብቶባት ነው!"

ሳቂታ ሳቀች። ጭንቄም ሳቀች፤ ስትስቅ ግን እውነት ይሆናል ብላ አሰበች። እሷ ያለችበት ቤት ሁሉ ሲጨነቅ ታውቀዋለች። ማታ ቤት ገብታ ሚጣን "ከዛሬ ጀምሮ ውሻዋን ማቀፍ የለም" አለቻት። ሚጣ ክብሪትን ከጭኗ አውርዳ ወለሉ ላይ አስቀመጠቻት። ክብሪት ተመልሳ ልትወጣ የልጅቷን ጉልበት በጥፍሯ ቧጠጠች። ሚጣ እጇን ከጀርባዋ ደብቃ ተቀመጠች፣ ዓይኗ እናቷ ላይ።

ማቀፉ ቀረ፤ ሽንቱ ግን አልቀረም።

አከራይዋ እዚያው ግቢ ውስጥ የሚኖሩ፣ ነጠላ ጫማቸው ከርቀት የሚሰማ ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት ጭንቄ የታጠበ ጨርቅ ስታሰጣ መጥተው ከገመዱ ሥር ቆሙ።

"አንቺ ልጅ፣ እኔ ቤቱን ለሰው ነው ያከራየሁት፤ ለምንጭ አይደለም።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። ሕፃን ናት፣ ትለምዳለች።"

"ማን ነበር ያላችኋት ስሟን?"

"ክብሪት።"

"ክብሪት! ቤቴ በእሳት ቢያያዝ የምታጠፋው እሷ ናት።" በራሳቸው ቀልድ ትንሽ ፈገግ አሉና መልሰው ኮስተር አሉ። "አሁን የምነግርሽ ግን ቀልድ አይደለም። ወለሉ እንጨት ነው፤ ይበሰብሳል። በዚህ ወር ወይ ውሻዋ ትደርቃለች፣ ወይ ትሄዳለች፣ ወይ ደግሞ አብራችኋት ትሄዳላችሁ።"

ጭንቄ ያን ቀን አንሶላ ስታጥፍ ጫፍና ጫፉ አይገጥምላትም። ሚጣን ከዚህ ትምህርት ቤት አውጥታ የት ታስገባታለች? ደግሞስ ውሻዋን ብትመልስ ልጅቷ ምን ትሆናለች? አባቷ ከሄደ ወዲህ ሚጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስትሮጥ ያየቻት ክብሪት ከመጣች በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ለሳቂታ ነገረቻት።

ሳቂታ አዳመጠቻት። ከዚያ "ውሃ ነዋ!" አለች።

"ምን ውሃ?"

"ያልገባ አይወጣም። ከምሳ በኋላ ውሃ አታሳያት። ትንሽ ትጮህ ይሆናል፤ ጆሮ አትስጫት። ትደርቃለች።"

"አይጎዳትም?"

"እኔ ክፉ እመክርሻለሁ?"

ይቺን ካለች ነገር አለቀ። ሳቂታ ክፉ መክራት አታውቅም። ጭንቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤት ብቅ እያለች የውሃውን ሳህን ቁም ሣጥን ላይ ታስቀምጠው ጀመር። ክብሪት ሳህኑ የነበረበት ቦታ ላይ ቁጭ ብላ ወደ ላይ ታያለች። አንድ ቀን ጭንቄ ከሥራ ስትመለስ ክብሪት ግቢ ውስጥ ከገመዱ ሥር ናት። ከተሰጣው ልብስ የሚንጠባጠበውን ውሃ ከሲሚንቶው ላይ ትልሳለች። ጭንቄ ቆማ አየቻት፤ አየቻትና "ለራስሽ ነው፤ ከቤት እንዳትወጪ ነው" ብላት ገባች።

ሌላ ቀን ደግሞ ሚጣን ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ አገኘቻት። ልጅቷ በሁለት መዳፏ ውሃ ይዛ ክብሪትን ታጠጣለች። ክብሪት ውሃው አልቆ እንኳ መዳፏን መላሷን አልተወችም።

"ምን እያደረግሽ ነው?" ብላ ጮኸች ጭንቄ።

"ጠምቷታል እኮ፣ እማዬ።"

"ጠምቷታል! ከቤት ስንባረር ጎዳና ላይ ታጠጫታለሽ! ካንቺ አክስትሽ አታውቅም? ስንት ውሻ ያሳደገች ሰው ናት!"

ሚጣ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ዘጋችው። ጭንቄ ይህን አይታለች፤ ኩርፊያ መሰላት።

በማግስቱ ጠዋት ሚጣ ትምህርት ቤት ከሄደች በኋላ ጭንቄ የክብሪትን ጨርቅ ልታነሳ ጎንበስ አለች። የውሃው ሳህን ከትናንት ምሳ ጀምሮ ደረቅ ነው። ጨርቁ ግን ርሷል፤ ሲነካም ገና ትኩስ ነው። ክብሪት ጭራዋን እየቆላች የጭንቄን አንጓ ላሰቻት። ምላሷ እንደ ፎጣ ሻካራ ነው።

ጭንቄ ከወለሉ አልተነሳችም። ያልገባ አይወጣም ተብላ ነበር፤ ይኸው ያልገባ እየወጣ ነው። ታዲያ ይቺ ነፍስ ከየት እያመጣችው ነው? ከገዛ ሥጋዋ ነው? ሳህኑን ሞልታ አስቀመጠችላት። ከዚያ ለሥራ ደውላ ከሰዓት እገባለሁ አለችና ክብሪትን በሻርፕ ጠቅልላ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄደች።

ሐኪሙ እጅጌውን የሰበሰበ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ጭንቄ ከመቀመጧ ሁሉንም ዘረገፈችለት፦ ምንጣፉን፣ ማቀፉን፣ አከራይዋን። እሱ የክብሪትን ሆድ ቀስ አድርጎ ዳሰሰ፤ ሽንቷን መረመረ፤ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ በማሽን አየ። ረጅም ጊዜ አየ።

"ውሃ በደንብ ትጠጣለች?"

"ከሰዓት በኋላ ከልክያታለሁ። እንድትደርቅ ብዬ።"

ሐኪሙ ቀና አለ። "ከእንግዲህ እንዳይከለክሏት። እናቴ፣ ይሄ አመል አይደለም። ሽንት ከሁለቱ ኩላሊቶች በሁለት ቱቦ ይመጣና ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል፤ የእሷ አንደኛው ቱቦ ፊኛውን አልፎ ሄዷል። በዚያ በኩል የሚመጣው ሽንት የሚጠራቀምበት ቦታ ስለሌለው እንደመጣ ይፈሳል። ሌላኛው ቱቦ ደህና ነው። ግቢ ስትወጣ በደንብ የምትሸናው ለዚያ ነው።"

"በመታቀፍ የመጣ አይደለም?"

"በመታቀፍ?" አላሾፈባትም። "አይደለም። ይዛው ነው የተወለደችው። በቁጣም በሥልጠናም አይድንም። አሁን ኢንፌክሽን ስላላት መድኃኒት እሰጣታለሁ፤ ትንሽ ክብደት ስትጨምር ቀዶ ጥገና እናደርግላታለን። አብዛኞቹ ይደርቃሉ። አንዳንዶቹ ትንሽ ትንሽ መንጠባጠብ ይቀራቸዋል።" ክብሪትን በጀርባዋ አስተኝቶ ከሆዷ ሥር ያለውን ቆዳ አሳያት። ቀልቷል፤ ቦታ ቦታው ላይ ጸጉር የለውም። "ይሄ የሰሞኑ ቁስል አይደለም። እናቷ ሥር እያለችም እርጥብ ነበረች። ያሳደጋት ሰው ሳያየው አይቀርም።"

"ቡችሎቹ ብዙ ነበሩ" አለች ጭንቄ ፈጥና። "ጓደኛዬ ልብ አላለችው ይሆናል። ብታየው ትነግረኝ ነበር።"

"ሊሆን ይችላል። እስኪ ጭራዋን ከፍ አድርገው ይያዙልኝ።"

ጭንቄ ጭራዋን ያዘች። በመስኮቱ የገባው ብርሃን እጇ ላይ አርፏል። ጣቶቿ ከዓይኗ ቀድመው አወቁ። ነጩ ጸጉር ደርቆ እንደ ጭድ ይንኮሻኮሻል። የሆቴሉ አንሶላ ላይ የደም እድፍ ሲኖር የሚያስለቅቁበት የሚያነጣ ውሃ አለ፤ ጠቆር ያለ ብርድ ልብስ ላይ በስህተት ከፈሰሰ ቦታውን ገለባ ያስመስለዋል፤ ክሩንም እንዲህ ያደርቀዋል። ጭንቄ ጸጉሩን በአውራ ጣቷ ገለጥ አደረገችው። ጫፉ ነጭ፣ ወደ ቢጫ የሚወስደው። ሥሩ ግን አዲስ የበቀለ፣ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ነው።

ነጭ ሆኖ የተወለደ ጸጉር ሥሩም ነጭ ነው።

"ደህና ነዎት?" አላት ሐኪሙ።

"ደህና ነኝ" አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። መድኃኒቱን ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ወጣች። መንገድ ላይ ክብሪትን አቅፋ ስትሄድ ሻርፑ ርሶ ደረቷ ላይ ደረሰ፤ ልብ አላለችውም። ሳቂታ ጎንበስ ብላ፣ ቡችላዋን በጉልበቷ መሃል ይዛ፣ በዚያ ውሃ በራሰ ጥጥ የጭራዋን ጫፍ ስታብስ ነው የሚታያት። እያፏጨች ይሆናል። ሳቂታ ሥራ ስትሠራ ታፏጫለች።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባች። ሳቂታ "ምነው ቀረሽ? ማን ሞተ?" ብላ እንደ ልማዷ ቀለደች። ጭንቄ አንሶላ አነሳችና ጫፉን ሰጠቻት። አራገፉ።

"ሳቂታ፣ የሚጣ ክብሪት የት ናት?"

"ቤትሽ ናታ!"

"እሷን አይደለም የምልሽ። ሚጣ የመረጠቻትን ነው።"

ሳቂታ ሳቀች። ሳቁ ግን ትንፋሽ አልነበረውም። አንሶላው በመሃላቸው ረገበና ወለሉን ነካ። ወለል የነካ አንሶላ ተመልሶ ይታጠባል፤ አንዳቸውም አላነሱትም።

"ዛሬ ሐኪም ጋ ነበርኩ" አለች ጭንቄ። "ጭራዋን ያዝኩት። በምን የነጣ እንደሆነ የማላውቅ መሰለሽ? በዚህ እጄ እኮ ነው በየቀኑ እድፍ የማስለቅቀው።"

ሳቂታ ወደ ማሽኖቹ አየች፣ ወደ በሩ አየች። "ተቆጣጣሪዋ ድንገት መጣች" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ከልጇ ጋር። ነጭ ጭራዋን ወደድናት አሉ። የፈረቃው ድልድል በእጇ ነው፤ ምን ልበላት?"

"ምንም አትበያት፤ ስጫት። ለእኔ ደግሞ ሰጥቻታለሁ በይኝ።"

"ሚጣ ታለቅሳለቻ!"

"ሚጣ ለቅሶ ታውቃለች።"

ሳቂታ የያዘችውን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር። ጭንቄ ጠበቀች።

"የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች" አለች ሳቂታ በመጨረሻ። "ሌሎቹን ሰው ወሰዳቸው። ባለቤቴ ጠዋት ማታ ይቺን እርጥብ ወስጄ እጥላታለሁ ይላል። አሳዘነችኝ።"

"እንደምትሸና ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ለእኔ?"

"አንቺ አትጥያትማ!" ሳቂታ ይህን ስትል ፊቷ በራ፣ የሚያስመሰግናት ነገር የተናገረች ይመስል። "ሌላ ሰው በሳምንቱ ይጥላታል። አንቺ ግን የወደቀ አይተሽ አታልፊም። ትችያለሽ ብዬ ነው። ከሰው ሁሉ አንቺን ነው ያመንኩት።"

ጭንቄ የደነገጠችው በዚህ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል ስትሰማ ኖራለች፤ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ደጃፍ ይመስላት ነበር።

"ብትነግሪኝስ ኖሮ?"

"ብነግርሽ ትወስጃት ነበር?"

ጭንቄ አንሶላውን ለቀቀችው። "እሱን እኔ ነበርኩ የምመልሰው" አለች። "መልሴን ነው የሰረቅሽኝ። እሺ፣ ይሁን። ሰጠሽኝ። ውሃ ከልክያት ያልሽኝስ ለምንድን ነው? ልጅሽ ናት ያበላሸቻት ያልሽኝስ?"

"በጠየቅሽኝ ቁጥር አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። መጠየቅ አታቆሚም እኮ!"

"ምላሷ ደርቆ ሲሚንቶ ስትልስ አይቻለሁ። ልጄን ከቤት ልታስባርሪን ነው ብዬ ጮኼባታለሁ። አንቺ አንድ ነገር ማለት ስለነበረብሽ።"

ሳቂታ አፏን ይዛ ቆመች። ተቆጣጣሪዋ በዚያ በኩል ስታልፍ ሁለቱን አየቻቸውና "ምነው፣ ዛሬ ሬዲዮው ተበላሸ?" አለች። ጭንቄ ወለል የነካውን አንሶላ ሰብስባ ወደ ቅርጫቱ ጣለችውና ሌላ አነሳች። ሥራ ነውና እስከ ማታ አጠፉ። ይጠጋጋሉ፣ ጫፍ ይቀባበላሉ፣ ይራራቃሉ። ጣታቸው እንዳይነካካ ሁለቱም ይጠነቀቁ ነበር። ከመውጣቷ በፊት ጭንቄ ተቆጣጣሪዋን ለብቻዋ አግኝታ ወደ ከሰዓት በኋላው ፈረቃ እንድታዛውራት ለመነቻት። ምክንያቱን አልነገረቻትም። ነጭ ጭራ ያላት ውሻ ደህና መሆኗንም አልጠየቀቻትም፤ አፏ ላይ ግን ነበረ።

ግቢው በር ላይ አከራይዋን አገኘቻቸውና ሐኪሙ ያለውን አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። እሳቸው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዳመጡ።

"በሽታ ነው በይኛ! እኔ ደግሞ ብልግና መስሎኝ። ታዲያ ምን ይደረጋል፣ በሽተኛ አይባረርም። ቀዶ ጥገናዋ እስኪደረግ ድረስ እታገሳለሁ። ላስቲክ አንጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ። ከዚያ በኋላ ግን መጥቼ ወለሉን በእጄ ነው የምዳስሰው!"

ቤት ስትገባ ሚጣ ክብሪት አጠገብ ወለል ላይ ተቀምጣለች፤ ሳታቅፋት። ጭንቄ ሳህኑን እንደገና ሞላች። ክብሪት ጠጣች፣ ጠጣች፣ ጆሮዋ ሳህኑ ውስጥ እስኪገባ ጠጣች። ጭንቄ ከልጇ አጠገብ ቁጭ አለች።

"እቀፊያት። በመታቀፍ አይደለም። ታማ ነው።" ከዚያ ክብሪትን ወደ ልጇ ገፋ አደረገቻት። "አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳታለቅሺ። ይቺ አንቺ የመረጥሻት አይደለችም። አክስትሽ..."

"አውቃለሁ" አለች ሚጣ።

"ምኑን?"

"እሷ እንዳልሆነች። የመጣች ቀን ነው ያወቅኩት። የኔዋ ጣቴን ነክሳ አትለቅም ነበር፤ ይቺ ላሰችኝ። ጭራዋም አንቺ ከሥራ ስትመጪ እንደምትሸቺው ይሸት ነበር።"

ጭንቄ ወደ ልጇ ዞረች። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ካስቸገረች እንመልሳታለን አልሻ። እዚያ ከተመለሰች ይጥሏታል። ያን ቀን ልናይ ስንሄድ የአክስቴ ባል እርጥቧን እጥላታለሁ ሲል ሰምቼዋለሁ።"

"እና ዋሸሽኝ። አንቺም።"

"አልዋሸሁም። ዝም ነው ያልኩት።"

"እኔ ስጮህብሽስ?"

ሚጣ ክብሪትን ወደ ጭኗ ሳበቻት። "ቻልኩታ" አለች።

ጭንቄ ልጇን አየቻት። ልጅቷ ይህን ሁሉ ጊዜ ቡችላዋን የጠበቀችው ከእሷ ነው፤ ከገዛ እናቷ። ሳቂታ ቡችላዋን አትጥላትም ብላ አታለለቻት፤ ሚጣ ትጥላታለች ብላ ደበቀቻት። ከሁለቱ ማንኛዋ በደንብ እንዳወቀቻት ራሷ ጭንቄም አላወቀችም። ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው በየት በኩል እንደሚጀምር ጠፋት። ተነሥታ ላስቲክ ልታነጥፍ ምንጣፉን ጠቀለለች። ሚጣም ሳትጠየቅ በሌላው ጫፍ ያዘችላት።

በዕረፍት ቀን በሩ ተንኳኳ። ሚጣ ከፈተች። ሳቂታ ናት፤ በፌስታል የውሻ ምግብ ይዛ፣ ሳትስቅ ቆማለች። ሚጣ ከበሩ ፈቀቅ አላለችላትም፤ ወደ እናቷ ዞራ አየች።

ክብሪት ግን ማንንም አላየችም። የሳቂታ ሽታ ሲደርሳት ከጥግ ተስፈንጥራ፣ ጭንቄ ከአሮጌ ፎጣ የሰፋችላት ሱሪ ጉልበቷ ላይ ወርዶባት፣ በሚጣ እግር መሃል ሾልካ ሳቂታ ላይ ተጠመጠመች። ታለቅሳለች፣ ትዘላለች፣ ፊቷን ትልሳለች። ከቤቷ ያስወጣቻትን፣ ጸጉሯን ያቃጠለችባትን፣ ውሃ ያስከለከለቻትን! ጭንቄ ከሁሉም ነገር ይልቅ በዚህ ተናደደች። ክብሪት ደግሞ ከደስታዋ ብዛት እዚያው ደፉ ላይ ሸናች፤ እንደ ሁሌውም ብዙ ነው።

ሳቂታ ለመሳቅ ሞከረች። ፊቷ ግን ሌላ ነገር ሆነ።

"ጨርቁ ከበሩ ጀርባ ነው" አለች ጭንቄ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ።

ሳቂታ ፌስታሉን አስቀምጣ ጨርቁን አነሳች፤ ተንበርክካ ጠረገች።

"ከላስቲኩ ሥርም ጥረጊ። ይገባል።"

ከሥርም ጠረገች። ሚጣ ወንበር ላምጣ በሚል ዓይን እናቷን አየች፤ ጭንቄ አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

"ቀዶ ጥገናው ሲያልቅ አንድ ሰው እያየ ይጠብቃት ብሏል ሐኪሙ፤ ስፌቱን እንዳትነክሰው" አለች ጭንቄ። "እኔ አሁን ከሰዓት ነኝ። ሚጣ ደግሞ ከትምህርት ቤት የምትመጣው አመሻሽ ላይ ነው። አንቺ ጠዋት ነሽ።"

"እመጣለሁ" አለች ሳቂታ ሳታስጨርሳት። "በየቀኑ እመጣለሁ። ጭንቄ... ይቅር ብለሽኛል ማለት ነው?"

"አላልኩም። ነይ ነው ያልኩሽ።"

ሳቂታ ራሷን ዝቅ አድርጋ ጨርቁን ባልዲው ላይ ጨመቀችው። ልትነሳ ስትል ጉልበቷ አጠገብ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ሰማችና መልሳ ተንበረከከች። ክብሪት ሌላ ቦታ ጀምራ ነበር።